ለማዕረግ እድገት ኤች-ኢንዴክስና ኢምፓክት ፋክተር ብቻ ተጠየቅሁ፤ ከሌላ ዘርፍ ሰው ጋር በዚህ መወዳደር ያስኬዳል?

ረቂቅ_ሦስት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የማዕረግ እድገት ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው፤ ዘንድሮ ቅጹ ተቀይሯል። ድሮ የምናስገባው የሥራዎቻችንን ዝርዝርና የውጭ ገምጋሚዎችን አስተያየት ነበር። አሁን ያሉት ጠቅላላ ሳይቴሽን (ሥራችን በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰበት ብዛት)፣ ኤች-ኢንዴክስ (የሥራና የሳይቴሽን ብዛትን ያጣመረ ቁጥር) እና የታተምንባቸው ጆርናሎች ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ የሚጠቀሱበት ልክ) የሚሞላባቸው ሦስት ሳጥኖች ብቻ ናቸው። ከየትኛው ዳታቤዝ እንደሚወሰድ እንኳ አይልም።

እኔ የንጹህ ሒሳብ ሰው ነኝ። አብሮኝ የሚወዳደረው ባልደረባዬ ካንሰር ላይ የሚሠራ ባዮሎጂስት ነው። ጎበዝ ሰው ነው፣ በእሱ ላይ ምንም የለኝም። የከነከነኝ የእሱ ኤች-ኢንዴክስ የእኔን ሦስት እጥፍ ስለሆነ «ተጽዕኖውም ሦስት እጥፍ ነው» ተብሎ መነበቡ ነው። ለኮሚቴው ምን ብዬ ላስረዳ? ነገሩን የምታውቁ ካላችሁ ከሥሩ ጀምራችሁ ንገሩኝ።

ጎን_ለጎን

ከሥሩ ካልሽ እሺ። (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።) ኤች-ኢንዴክስን በ2005 ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተወደደውም ለዚያ ነው። ሥራዎችሽን በሳይቴሽን ብዛት ከላይ ወደ ታች ትደረድሪያለሽ፤ ተራ ቁጥሩ ከሳይቴሽኑ የማይበልጥበት የመጨረሻው መስመር ኤች ይባላል።

ስምንት ፔፐር ያለው ሰው እንውሰድ፦ 48፣ 21፣ 13፣ 9፣ 6፣ 5፣ 2፣ 0። አምስተኛው ላይ 6 አለ፣ አለፈ። ስድስተኛው ላይ ያለው 5 ስለሆነ ወደቀ። ስለዚህ ኤች 5 ነው። አሁን የመጀመሪያው 48 መሆኑ ቀርቶ 4,800 ቢሆን? ያው 5። ዘርፉን የገለበጠ አንድ ሥራ የሠራ ሰውና ደህና ደህና አምስት ሥራ ያለው ሰው እዚህ ሳጥን ውስጥ እኩል ናቸው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ጉድለት አለ። ሀ የሚባል ሰው ስድስት ፔፐር አለው፣ እያንዳንዱ 6 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ኤች 6። ለ ደግሞ አምስት ፔፐር አለው፣ እያንዳንዱ 12 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ኤች 5። ሀ ይቀድማል ማለት ነው። አሁን ሁለቱም ልክ አንድ ዓይነት ነገር ይጨምሩ፦ አራት አራት አዲስ ፔፐር፣ እያንዳንዱ 12 ሳይቴሽን ያለው። የሀ ኤች 6 ላይ ቀረ። የለ ኤች 9 ገባ። እኩል ሠርተው ደረጃቸው ተገለበጠ! እንዲህ ያለ መለኪያ ሰውን በደረጃ ለመደርደር አይመችም።

ለኮሚቴሽ የሚጠቅመው ግን ይኼ ነው፦ ሂርሽ ራሱ በዚያው ጽሑፉ የባዮሎጂ ሰዎች ኤች ከፊዚክስ ሰዎች ከፍ እንደሚል ጽፏል። የቁጥሩ አባት ዘርፍን ከዘርፍ ጋር ዝም ብላችሁ አታወዳድሩ ካለ በኋላ ሌላው ምን ይላል?

የላብ_ሰው

ከባዮሎጂው ወገን ልመስክር። ልዩነቱ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም፣ የዘርፉ አኗኗር ነው። እኛ ጋ አንድ ፔፐር ኋላው ላይ 50፣ 60 ማጣቀሻ መደርደሩ የተለመደ ነው፤ የሒሳብ ፔፐር ግን ሃያም ሳይሞላ ሊያልቅ ይችላል። እኛ ጋ ሰውም ብዙ ነው፣ ጽሑፍም ቶሎ ቶሎ ይወጣል፣ በአንድ ፔፐር ላይ አሥር ስም መኖሩ ብርቅ አይደለም። ሁሉም ተባባሪ ደግሞ ሳይቴሽኑን ሙሉ ለሙሉ ነው የሚወስደው፤ ተካፍሎ የሚወስድ የለም። በ2015 ሂግስ ቦዞን የሚባለውን የፊዚክስ ቅንጣት ክብደት የለካው ፔፐር 5,154 ደራሲ ነበረው። ቆጣሪው ለ5,154ቱም እኩል ይቆጥራል።

መጠቀስ ማለት መደነቅ ነው የሚለውም አይሠራም። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የተጠቀሰው ፔፐር በ1951 ሎውሪና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው፤ ከ300,000 በላይ ሳይቴሽን አለው። ምንድን ነው ብትይ፣ ፈሳሽ ውስጥ ያለ ፕሮቲን መጠኑ እንዴት ይለካል የሚል የላቦራቶሪ ዘዴ። እጅግ ጠቃሚ ነው፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን የዲኤንኤን ቅርጽ ካሳየው የ1953ቱ የዋትሰንና የክሪክ ጽሑፍ ይበልጣል የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰው የሚጠቅሰው ዘዴውን ስለተጠቀመበት ነው፣ አለቀ።

በተቃራኒው ደግሞ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998ቱ የዌክፊልድ ጽሑፍ አለ። ጆርናሉ በ2010 ሽሮታል፤ ሳይቴሽኑ ግን ከሺህ በላይ ነው። ብዙዎቹ የሚጠቅሱት ስህተት ነው ለማለት ነው። ቆጣሪው ስድብንም ምስጋናንም አንድ ብሎ ነው የሚመዘግበው።

ቁጥር_ይሻላል

ሁላችሁም ቁጥሩን ስትወቅጡት ዝም ብዬ አነበብኩ። አሁን እኔ ልናገር።

ቁጥር ከመምጣቱ በፊት እንዴት ነበር? «እሱ ጥሩ ልጅ ነው፣ የእገሌ ተማሪ ነው» ተብሎ ነበር የሚታደገው። የውጭ ገምጋሚ አስተያየት የምትሉትን ማን ነው የሚጽፈው? ወዳጅ ነው የሚጽፈው። እኔ ከኮሚቴ ጋር የማውቀው ሰው ሳይኖረኝ ያለፍኩት ሳይቴሽኔ አፋቸውን ስላስያዛቸው ነው። ኤች-ኢንዴክስ እንከን አለው፣ አልካድኩም። ግን ማንም ሰው ከየትም ሆኖ ከፍቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። የገምጋሚን ሆድ ግን ማን ከፍቶ ያያል?

«ፔፐሩን አንብቡ» ትላላችሁ። ሰማንያ አመልካች ሲመጣ ማን ነው የሚያነበው? የዘርፉ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ከሌለስ? ቁጥሩን ስትጥሉ በቦታው ተመልሶ የሚገባው ዘመድ አዝማድ ነው።

ረቂቅ_ሦስት

@ቁጥር_ይሻላል ይኼ ያልካት ነገር እውነት አላት፤ እኔም ያለ ቁጥር ይፈረድብኝ አላልኩም። ግን እኔን የሚያስፈርድብኝ ቁጥር ለአንተ እንደሠራልህ ለእኔ አይሠራም። በአንተ ዘርፍ ውስጥ ካሉት ጋር ተወዳድረህ ነው ያለፍከው፣ አይደል?

ቁጥር_ይሻላል

አዎ፣ ሁላችንም አንድ ዘርፍ ነበርን። እሱ ላይ አልከራከርም።

ጎን_ለጎን

@ቁጥር_ይሻላል በአንድ ዘርፍም ቢሆን እኮ ዕድሜ አለ። ኤች አይቀንስም። ቁጭ ብለህ ምንም ባትሠራ አሮጌዎቹ ሥራዎችህ እየተጠቀሱ ይጨምራል፤ ሰው ከሞተ በኋላም ያድጋል! ከአምስት ዓመት በፊት ዶክትሬቷን የጨረሰችን ሴት ከሃያ አምስት ዓመት ባለልምድ ጋር በኤች ማስተያየት በዕድሜ መደርደር ነው። በመሃል ልጅ ወልዳ የቆየች፣ ታማ የቆየች ካለች ደግሞ ይብስባታል። ዘመድ አይገባም ያልከውም፣ ላለው ይጨመርለታል የሚለው ቃል እዚህ ይሠራል፤ የሶሲዮሎጂ ሰው የሆነው ሮበርት መርተን በ1968 «የማቴዎስ ውጤት» ያለው ይህንን ነው። ስም ያለው ሰው የበለጠ ይጠቀሳል፣ የበለጠ ስለተጠቀሰ የበለጠ ስም ያገኛል። ዘመዱ ቁጥሩ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል እንጂ አልጠፋም።

አርታኢ_ነበርኩ

ጆርናል ላይ በአርታኢነት ሠርቻለሁ (የቱ እንደሆነ ይቅር)። «ማንም ከፍቶ ሊያረጋግጠው ይችላል» የሚለው ላይ አንድ ሁለት ልበል።

በ2010 ሲሪል ላቤ የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ፈጠረ፤ ስሙን አይክ አንትካሬ አለው። ኮምፒውተር የጻፋቸው ትርጉም የለሽ ፔፐሮችን እርስ በርስ አስጠቅሶ የጉግል የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያ የሆነው ጉግል ስኮላር እንዲለቅማቸው አደረገ። የሌለው ሰው ኤች-ኢንዴክስ 94 ደረሰ፤ ከአልበርት አንስታይን በላይ ማለት ነው። ይኼ ድሮ ነው፣ አሁን ተስተካክሏል እንዳትሉ በ2024 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች ላሪ የሚባል ድመት ወሰዱ። አዎ፣ ድመት። በስሙ 12 የውሸት ፔፐር ጫኑለት፣ የሚጠቅሱትን ሌሎች የውሸት ፔፐሮችም ጨመሩ፣ ድመቱ 132 ሳይቴሽን አገኘ። ያደረጉት ሳይቴሽን በገንዘብ የሚሸጡ ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ ለማሳየት ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ይኼ ግን ቀልዱ ነው። ከባዱ የማይታየው ነው። ፔፐር ሲላክልህ ገምጋሚው «እነዚህን አምስት ሥራዎች ብትጠቅስ ጥሩ ነው» ይላል። ከፍተህ ስታይ አምስቱም የእሱ ናቸው፣ ከጽሑፉ ጋር ደግሞ አይገናኙም። ደራሲው ምን ያደርጋል? ወጣት ነው፣ መታተም ይፈልጋል፣ ይጨምራቸዋል። እኔ እንዲህ ያለ አስተያየት ሲመጣ ቆርጬ ነበር ለደራሲው የምልከው። ሁሉም አርታኢ እንዲህ አያደርግም፤ እንዲያውም የጆርናሉን የራሱን ጽሑፎች ጥቀሱ ብሎ የሚያስገድድ አርታኢ አለ፣ ኢምፓክት ፋክተር እንዲወጣለት። ይህንን ቁጥር ከውጭ ከፍተህ ስታይ ንጹህ ነው።

@ረቂቅ_ሦስት አንቺን በቀጥታ የሚነካ ነገርም አለ። ክላሪቬት የሚባለው የሳይቴሽን መረጃ ሻጭ ድርጅት በየዓመቱ «በብዛት የተጠቀሱ ተመራማሪዎች» የሚል ዝርዝር ያወጣል። በ2023 የሒሳብን ዘርፍ ከዝርዝሩ ሙሉ ለሙሉ አውጥቶት ነበር። ምክንያቱ ሒሳብ ውስጥ ሳይቴሽን ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ሰው ተስማምቶ እርስ በርስ ከተጠቃቀሰ ዝርዝሩ አናት ላይ ይወጣል፤ እውነተኞቹ ደግሞ ከታች ይቀራሉ። ቁጥሩን የሚሸጠው ድርጅት ራሱ በዚህ ዘርፍ አላምነውም ብሎ ከነበረ፣ ኮሚቴሽ ሊያምነው የሚችልበትን ምክንያት ቢነግርሽ ደስ ይለኛል።

የላብ_ሰው

ድመቷ ከእኔ ትበልጣለች 😅

አርታኢ_ነበርኩ

ወንድ ነው። አዎ፣ ከብዙዎቻችን ይበልጣል።

የቤተ_መጻሕፍት_ባለሙያ

ስለ ኢምፓክት ፋክተር ማንም ስላላነሳ እኔ ልግባበት፤ ሥራዬም ነው። የጆርናሉ የ2024 ኢምፓክት ፋክተር ማለት በ2022 እና በ2023 የወጡ ጽሑፎቹ በ2024 ያገኙት ሳይቴሽን፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ለወጡት የምርምርና የቅኝት ጽሑፎች ብዛት ሲካፈል ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የሳይቴሽን መዝገብን ሐሳብ በ1955 ያቀረበው ጽሑፍ መፈለጊያ እንዲሆን ነበር። በኋላም ኢምፓክት ፋክተር ለጆርናል መምረጫ ሆነ፤ ቤተ መጻሕፍት ለየትኛው ጆርናል ይክፈል ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው። ለሰው መምረጫ ሲውል ግን ነገሩ ይበላሻል።

አንድ ማስረጃ ብቻ ልስጣችሁ፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ የሚባል ጆርናል አለ። የ2008 ኢምፓክት ፋክተሩ 2.051 ነበር። የ2009ኙ 49.926 ሆነ! ጆርናሉ በአንድ ዓመት ሃያ አራት እጥፍ ጎበዘ? የለም። ጆርጅ ሼልድሪክ ሼልኤክስ ስለሚባለው የክሪስታል ቅርጽ መፍቻ ፕሮግራሙ በ2008 አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ፕሮግራሙን የተጠቀመ ሁሉ እሱን ጠቀሰ። የቀሩት ጽሑፎች እንደነበሩ ናቸው። ቅጽሽ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዓመት እዚያ ጆርናል ላይ የታተመ ሰው ሁሉ 49.926 ብሎ ይሞላ ነበር፤ የሌላ ሰው ሳይቴሽን ለብሶ።

ሦስተኛውን ሳጥን በተመለከተ የሒሳብ ሊቁን ግሪጎሪ ፔሬልማንን አስቢው። የፑዋንካሬ ግምት የሚባለውን ታዋቂ የሒሳብ ጥያቄ የፈታባቸውን ሦስት ጽሑፎች በ2002 እና በ2003 አርካይቭ በሚባለው የፕሪፕሪንት (ጆርናል ላይ ከመታተሙ በፊት የሚለጠፍ ጽሑፍ) ድረ ገጽ ላይ ለጠፈ፣ ለጆርናል አልላከም። በ2006 የፊልድስ ሜዳሊያ የሚባለው ትልቅ የሒሳብ ሽልማት ተሰጠው፣ አልቀበልም አለ። ኢምፓክት ፋክተር የሚለው ሳጥን ላይ ምን ይጽፍ ነበር? ሰረዝ።

ወደ ተግባሩ እንሂድ። ከየት ይወሰድ ባይባልም አንቺ ምንጩን ጻፊ። የአንድ ሰው ኤች በጉግል ስኮላር፣ በስኮፐስና በዌብ ኦፍ ሳይንስ ሦስት የተለያየ ቁጥር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስኮላር ከፍተኛው ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፍንም ፕሪፕሪንትንም መጽሐፍንም ስለሚቆጥር። ባልደረባሽ ከስኮላር፣ አንቺ ከዌብ ኦፍ ሳይንስ ካመጣችሁ ፉክክሩ ገና ሳይጀመር አልቋል። ከእንግሊዝኛ ውጭ በሌላ ቋንቋ የታተመ ሥራ ካለሽም ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ ውስጥ ላይኖር ይችላል፣ እሱንም ጥቀሺ።

ከዚያ የስኮላር ፕሮፋይልሽን አጽጂ። ያው ፔፐር በፕሪፕሪንትና በጆርናል ለየብቻ ከተመዘገበ ሁለቱን መርጠሽ አዋህጃቸው፤ ለየብቻ ሲሆኑ ሳይቴሽኑ ተከፋፍሎ ኤችሽን ሊያወርደው ይችላል። የሞክሼሽን ሥራም አስገብቶልሽ ከሆነ አውጪው። አዳዲስ ጽሑፍ በራሱ እንዲጨምር የሚለውን ቅንብር አጥፍተሽ «አስቀድሞ ይጠይቀኝ» የሚለው ላይ አድርጊው፤ የሰው ሥራ በስምሽ ተገኝቶ ኮሚቴ ፊት ከማፈር ያድናል።

የግድ ቁጥር ካሉሽ ደግሞ በዘርፍ የተመዛዘነውን ስጪያቸው። ስኮፐስ ላይ አለ፤ አንድ ሥራ በዚያው ዘርፍ፣ በዚያው ዓመት ከወጡ መሰሎቹ አማካይ ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ ተጠቀሰ የሚል ነው። 1.00 ከሆነ የዓለም አማካይ ነው፣ 1.50 ከሆነ ከአማካዩ በግማሽ ይበልጣል። ጥቂት ፔፐር ላለው ሰው ግን እሱም አንድ ሥራ ብቻ ያናውጠዋል፤ ስለዚህ ብቻውን አትተማመኚበት።

ቁጥር_ይሻላል

@የቤተ_መጻሕፍት_ባለሙያ እናመሰግናለን፣ ይኼኛውን እኔም እቀበላለሁ። እንዲህ ያለ ቁጥር እያለ ሁሉንም ቁጥር መጣል ለምን አስፈለገ?

ገና_ተማሪ

ይቅርታ በመሃል ልግባ። ዶክትሬት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። አማካሪዬ አንዱን ሥራ ሦስት ቦታ ቆራርጠን እናሳትመው ይለኛል፣ «ኤችህን ገና በጠዋቱ ካልሠራህ ሥራ አታገኝም» ብሎ። ሂግስ ቦዞን በስሙ የተጠራለት ፒተር ሂግስ እኮ ከ1964 በኋላ ያሳተመው ከአሥር ፔፐር በታች ነው፤ ዛሬ ቢሆን ሥራ አላገኝም ነበር ብሎ ራሱ ተናግሯል። እኔ ምን ላድርግ?

ቁጥር_ይሻላል

ወንድሜ፣ ሂግስ አንድ ነው። ሳያሳትም ሂግስ ነኝ የሚል ግን ሞልቷል።

አርታኢ_ነበርኩ

😂 ልክ ነው። ግን @ገና_ተማሪ፣ የተቆራረጠን ሥራ አርታኢ ሲያየው ያውቀዋል። ሦስት ቀጫጭን ፔፐር ሦስት ጊዜ ለገምጋሚ ይላካል፣ ሦስት ጊዜ «ይኼ ከቀደመው በምን ይለያል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አማካሪህን ፊት ለፊት አትቃወመው፤ አንዱን ሙሉ አድርገን እናውጣው፣ ዳታውንና ኮዱን ለብቻ እንልቀቅ በለው። ሰው የሚጠቀምበት ኮድ ራሱ ይጠቀሳል። የሼልድሪክን ታሪክ አሁን አንብበህ የለ?

የላብ_ሰው

@ገና_ተማሪ ሥራ ቅጥር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ቁጥር ይታያል፣ አልዋሽህም። ቃለ መጠይቁ ላይ የደረሱት ሰዎች መሃል ግን ኤች ያነሳ ሰው አላስታውስም፤ የሚጠየቀው «ይህን ሙከራ ለምን እንዲህ አደረግኸው» ነው።

ረቂቅ_ሦስት

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሳጥኖቹን ባዶ አልተውኩም፣ ሞላኋቸው። ከሥራቸው ግን ይህን አባሪ አደረግሁ፤ አስተያየት ስጡኝ፦

«ከላይ የተሞሉት ቁጥሮች ከስኮፐስ የተወሰዱ ናቸው። ኤች-ኢንዴክስን ያቀረበው ሂርሽ በ2005 ራሱ እንዳመለከተው እሴቱ ከዘርፍ ዘርፍ ይለያያል፤ ስለዚህ የሒሳብ አመልካችን ከባዮሎጂ አመልካች ጋር በቀጥታ ለማነጻጸር አያገለግልም። ክላሪቬትም በ2023 የሒሳብን ዘርፍ «በብዛት የተጠቀሱ ተመራማሪዎች» ከሚለው ዝርዝሩ አውጥቶ ነበር። በዘርፍ የተመዛዘነው ውጤቴ በሠንጠረዡ ቀርቧል። ኮሚቴው እንዲያነብልኝ የምጠይቀው ሦስት ሥራዎቼን ነው፤ እያንዳንዱ ምን ችግር እንደፈታ፣ የእኔ ድርሻ ምን እንደነበረና ማን እንደተጠቀመበት በአጭሩ ተብራርቷል።»

ሦስቱንም በየአንድ ገጽ አብራርቻለሁ። ሁለተኛው ሥራዬ ሳይቴሽኑ 4 ብቻ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ግን ውጤቴን ወስዶ ሌላ ክፍት ጥያቄ የዘጋ ነው። ያንን በስም ጠቅሼዋለሁ።

የቤተ_መጻሕፍት_ባለሙያ

ጥሩ ነው። ቁጥሩ የተወሰደበትን ቀን ጨምሪ፤ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ከፍተው ሌላ ቁጥር ሲያገኙ አጭበረበረች እንዳይሉሽ። ደግሞ መሥሪያ ቤትሽ በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተረቀቀውን የምርምር ምዘና መግለጫ ፈርሞ እንደሆነ ድረ ገጹ ላይ ፈልጊ። መግለጫው ኢምፓክት ፋክተርን ለቅጥርና ለእድገት መለኪያ አታድርጉ ነው የሚለው። ፈርመው ከሆነ ሦስተኛው ሳጥን ከፊርማቸው ጋር ይጋጫል፤ በትሕትና አስታውሻቸው።

ረቂቅ_ሦስት

ፈልጌ አየሁ። ፈርመዋል 😳

ጎን_ለጎን

በይ እንግዲህ! አባሪው ላይ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እሱ ይሁን።

ቁጥር_ይሻላል

የመጀመሪያው አይሁን። እኔ አሁን ኮሚቴ ውስጥ ነኝ፣ እንዴት እንደሚነበብ ልንገራችሁ። «ፊርማችሁን አፍርሳችኋል» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ሲመጣ ሰብሳቢው ይቆጣና የቀረውን ሳያነብ ያልፈዋል። ሦስቱን ሥራዎች ከላይ አድርጊ፣ ሠንጠረዡን ከሥሩ፣ መግለጫውን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር። ሦስት ገጹንም ወደ አንድ ተኩል አውርጂው፤ ከዚያ በላይ የሚያነብ የለም። ያቺን 4 ሳይቴሽን ያላትን ግን እንዳትነኪያት፤ እኔ ብሆን እሷ ላይ ነበር ጥያቄ የማነሳው።